ቆሰበር የወሰድነው ሞተር

ባለፈው ሰሞን ቁም ሣጥን ላስጭን ብዬ እዚህ ባሕር ዳር ካለ አንድ ሱቅ ቃጫ ገመድ ልገዛ ገባሁ። ሻጩ ጥቅሉን አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲጥለው አቧራው ቦነነ፤ ከአቧራው ጋር ያ ሽታ መጣ፤ ደረቅ ሣርም ጆንያም የሚመስል ሽታ። "እኅቴ፣ ስንት ሜትር ልቁረጥልሽ?" ይለኛል። እኔ እዚያ የለሁም። ዳንግላ ነኝ፣ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ወሩ ጥር ነው፣ ብርዱ ጣት ይቆረጥማል። እንጀራ አባቴ የሟች እናቴን ሞተር ሳይክል ተጎታች ላይ አቁሞ በእንዲህ ያለ ገመድ ግራና ቀኝ ይጠፍረዋል። እኔ የበረንዳውን ቋሚ ተደግፌ እጆቹን እከታተላለሁ። ሌባ በሚጠበቅበት ዓይን ነው የምልህ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። እናቴ የእንስሳት ሐኪም ነበረች። ዲፕሎማ ነው የነበራት፣ ሰው ግን "ዶክተር" ነበር የሚላት፤ እሷም ማረም ሰልችቷት ትታው ነበር። ከመንግሥት ሥራ ወጥታ ዳንግላ ላይ ትንሽ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ስትከፍት መጀመሪያ የገዛችው መደርደሪያ ሳይሆን ቀይ አሮጌ ሞተር ነው። የክትባቱን የበረዶ ሣጥን ከኋላ አስራ፣ ሻሿን አገጯ ሥር ቋጥራ፣ ጭቃም ይሁን አቧራ ገጠር ለገጠር ትዞር ነበር። በእኛ አገር ፈረስ ማለት እርሻም ነው፣ ጋሪም ነው፣ ሠርግም ለቅሶም ነው፤ ፈረስ ታመመ ከተባለ ቤቱ በሙሉ ነው የሚታመመው። ማታ ስትመለስ እጇ አዮዲንና የፈረስ ላብ ይሸት ነበር። ነሐሴ ላይ እሷው ታመመች። ለመስቀል አልደረሰችም።

የወለደኝን አባት አላውቀውም። ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና እንጀራ አባቴ ነን። እሱ በያጅ ነው፤ የብየዳ ቤቱ ከግቢያችን ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር ነበር። ወላጆቹ ድሮ ከወሎ መጥተው ጃዊ ቆላ የሰፈሩ ናቸው፤ እሱ ትልቅ ሰው ሆኖ ነው ወደ ዳንግላ የወጣው። ዝምተኛ ነው። ብዙ ጊዜ ከአፉ የምትወጣው "አብሽሪ" የምትል ቃል ነበረች፤ አይዞሽ ማለቱ ነው። ሻይ ቢፈስ አብሽሪ፣ መብራት ቢጠፋ አብሽሪ። እናቴ በሞተች በሳምንቱ አክስቴ ጓዳ ጠርታኝ፣ "ልጄ፣ እሱ ነገ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቆላው ይወርዳል። ዓይንሽን ከዕቃው ላይ እንዳትነቅዪ" አለችኝ። እኔም አልነቀልኩም። ዕቃ ያለችው ደግሞ ያው ሞተሩ ነው፤ መድኃኒት ቤቱማ ተዘግቶ አከራዮቹ ተረክበውታል። ከእናቴ የቀረኝ እሱ ነበር። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ሸራውን ገለጥ አድርጌ መሪውን አሸተው ነበር።

ከገና በኋላ ሰውዬው ጠባዩ ተለወጠ። መጀመሪያ ቁልፉን ከሚሰቀልበት ምስማር አውርዶ ኪሱ ከተተው። ቀጥሎ ስልክ በዛበት፤ ስልኩ ሲጠራ ደግሞ ወደ ውጭ ይወጣል፤ እኔ ብቅ ስል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። (እስከ ዛሬ ስልክ ይዞ ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው አይጥመኝም። ባሌ ይህን ስለሚያውቅ ሲደወልለት አጠገቤ መጥቶ ነው የሚቀመጠው።) ከዚያ ከሥራ በኋላ የብየዳ ቤቱን በር ዘግቶ የሆነ ነገር ይሠራ ጀመር። በቀዳዳ አጮልቄ ሳይ ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች ነው። የመጨረሻው ሞተሩን ማጠቡ ነበር። በሳሙና፣ በጥርስ ብሩሽ፣ የጎማውን ሽቦ አንድ በአንድ። አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? ሰው በሬውን ሲያጥብና ሲያሻሽ ለገበያ እንደሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል።

"የት ልትወስደው ነው?" አልኩት።

"ቆሰበር። ፈረሰኞቹ ይሰበሰባሉ፣ ለዚያ ነው።"

"ፈረሰኞች ሞተር ምን ይሠራላቸዋል?"

ጎማውን ማሸቱን ቀጠለ። "ብትመጪ ጥሩ ነበር። እኔም ልልሽ ነበር።"

ይኼ ደግሞ የባሰ አጠራጠረኝ። የሞተሩን ሊብሬ ከእናቴ ሣጥን አውጥቼ ከሹራቤ ሥር፣ ሆዴ ላይ፣ በመቀነት አሰርኩት። ያለ ሊብሬ ማን ይገዛዋል? ይሽጥ እስቲ፣ አልኩ በሆዴ።

ተጎታቹን የሚስበው የጎረቤታችን ባጃጅ ነበር። ነጂው ወሬ የማይሰለቸው ጎረምሳ ነው። ሊነሣ ሲል፣ "ጋሼ፣ ይኼ ሞተር እኮ ደኅና ነው፤ ለምን ራሱ አይሄድም? እኛን ጥሎን ነበር የሚደርሰው" ብሎ ጠየቀ። የእኔም ጥያቄ እሱ ነበር። ሞተሩ ይሠራል፣ መንገዱ አስፋልት ነው፣ እንጀራ አባቴ መንዳት ይችላል። "አይነሣም" አለ። ተበላሽቷል ማለቱ ይሁን፣ አላስነሣውም ማለቱ፣ አላብራራም።

መንገዱን አልረሳውም። ጉም ባሕር ዛፎቹ ወገብ ላይ ተኝቶ፣ ፀሐይዋ ከላይ ጫፋቸውን ብቻ ታበራ ነበር። ባጃጇ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ትወጣለች፤ ከኋላችን ተጎታቹ ይንገጫገጫል፣ ገመዱ ሲጢጥ ይላል። ዳገቱ ሲከብድ ወርደን ገፋን። እንጀራ አባቴ ትከሻውን ለተጎታቹ ሰጥቶ ይገፋል፤ እኔ ጎን ጎኑን እየሄድኩ እሱን አያለሁ። በየመንገዱ ሰው እየቆመ ሳቀብን። ነጂው ለጠየቀው ሁሉ፣ "ሞተራችን ታማ ሐኪም ቤት እየወሰድናት ነው" እያለ ያልፋል።

አዲስ ቅዳም ሻይ ለመጠጣት ቆምን። ዲከረንስ ከሚሉት ዛፍ የሚከሰለው ከሰል በጆንያ በጆንያ መንገዱ ዳር ተደርድሯል፤ አየሩ ራሱ ጭስ ጭስ ይላል። አንድ ወፍራም የከሰል ነጋዴ መጥቶ ተጎታቹን ዞረው፤ የሞተሩን ጎማ በእግሩ ነካ ነካ አደረገ።

"ወንድም፣ ስንት ትለዋለህ?"

እንጀራ አባቴ ነጋዴውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። "አሁን አይደለም" አለ።

አሁን አይደለም! የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። እንግዲያው በኋላ ነው ማለት ነው። ቆሰበር የተቀጠረ ገዢ አለ ማለት ነው። ሆዴ ላይ ያለውን ሊብሬ በሹራቤ ላይ ጫን አደረግሁት።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ከፈረሱ ብዛት አፈር አይታይም። ግንባራቸው ላይ ቀይ ዘርፍ የተንጠለጠለላቸው፣ አንገታቸው ላይ ቃጭል የታሰረላቸው፣ ዳማ፣ ቦራ፣ ነጭ። ላብና ቆዳ፣ የተረገጠ ሣር ይሸታል። እኛ በዚያች ባጃጅ፣ ከኋላችን ገመድ በገመድ የሆነ ቀይ ሞተር አስከትለን ብቅ ስንል ሁሉም ዞሮ አየን። ልሙት አልኩ። አንድ ጎልማሳ ፈረሱን አስጠግቶ፣ "ሞተሩን እንዳታስነሡት! ፈረስ ይበረግጋል!" ብሎ ጮኸ። እንጀራ አባቴ ኮፍያውን አውልቆ፣ "አናስነሣም፣ አናስነሣም" አለ፤ ከዚያ ሽማግሌዎች ወደ ተቀመጡበት ዛፍ ሄዶ እጅ ነሣ። ተከተልኩት። ገዢው የትኛው ነው እያልኩ የሁሉንም ፊት እያየሁ።

ሽማግሌዎቹ በአገውኛ ይከራከሩ ጀመር። እሱ አገውኛ አይሰማም። እኔን ደግሞ የከተማ ልጅ ናት፣ አትሰማም ብለው ይሆናል፤ ግን የእናቴ የቤት ቋንቋዋ ነው፣ እሰማለሁ።

"ለሟች ፈረስ ይዘዋወራል አልን እንጂ ብረት መቼ አልን?" አሉ ከዘራ የያዙ ቀጭን ሽማግሌ። "ዛሬ ሞተር ከገባ ነገ ባጃጅ ይገባል።"

መሐል የተቀመጡት፣ ነጭ ጋቢ የለበሱት አዛውንት፣ "አንተ፣ እዚያ ያሰርከው ዳማህ አምና ተኝቶ አልነበረም?" አሉ። "ማን አስነሣልህ? በምን መጣችልህ? በእግሯ?"

ቀጭኑ ሽማግሌ ከዘራቸውን አዩ።

"ይኼ ሰውዬ ያገራችን ሰው አይደለም" አሉ አዛውንቱ። "ቋንቋችንንም አያውቅ። ባሏ ነው፣ አለቀ። ‘ከቀብሯ ወዲህ አላስነሣሁትም፣ እኔም አልወጣሁበትም፣ ሰውም አላስወጣሁበትም፤ እንደ ፈረሰኛ ቁጠሯት’ እያለ ስንቴ ተመላለሰብን? ስንቴ ደወለ? ወጉ የእኛ ነው። እሱ ሲጠብቀው እኛ እናፍርሰው? ይግባ።"

ወጉን አውቀው ነበር። እዚያ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ማንም አይወጣበትም። ያን ቀን ታጥቦ፣ አጊጦ፣ ኮርቻው ባዶ እንደሆነ በልጓሙ እየተሳበ በጓደኞቹ መሐል ያልፋል። የሚስበው ልጅ ወይም ወንድም ነው። ለፈረስ ሲደረግ አይቻለሁ። እናቴ ፈረሰኛ ናት ብሎ ማሰብ ግን ለእኔ፣ ለልጇ፣ አልመጣልኝም። ለእሱ ነው የመጣለት።

ክንዴን ነካኝ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞታል።

"ምን አሉ?" አለኝ ቀስ ብሎ። "እምቢ አሉ እንዴ?"

እንዲያ ፈርቶ አይቼው አላውቅም። ለምን አስቀድመህ አልነገርከኝም አልኩት፣ ያኔ አይደለም፣ በኋላ። "እምቢ ካሉ ሁለተኛ እንዳታለቅሺ ብዬ ነው" ነበር መልሱ። ያኔ ግን "ይግባ ብለዋል፣ ጋሼ" ከማለት ሌላ አልወጣልኝም።

ገመዱን ሊፈታ ሄደ። ራሱ ያሰረው ቋጠሮ እምቢ አለው። ባጃጅ ነጂው ወሬውን ትቶ አገዘው።

መሪውን ያዝኩ። ፈረሰኞቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው መንገድ ለቀቁልኝ። ቃጭሉና የፈረሶቹ ትንፋሽ ይሰማል። አንዳንዱ ሰው ሳልፍ ጎንበስ ብሎ "ዶክተሬ!" ይላል፤ የፈረሱን ስም ጠርቶ "ይኸው፣ አለልሽ!" የሚላትም ነበር። እንባዬ መንገዱን ሸፈነብኝ። መሐል ላይ መሬቱ ረግረግ ነበር፤ የፊቱ ጎማ ሰጠመ፣ ሞተሩ በእኔ በኩል ተጋደመ፣ ልይዘው አልቻልኩም። እንጀራ አባቴ እስከዚያ ድረስ ከሰልፉ ውጭ፣ ተጎታቹ አጠገብ ነበር የቆመው፤ ና ያለውም የለም። ሲሮጥ ሰማሁት። ከኋላ ይዞ ቀና አደረገው።

ያን ጊዜ ነው ሊብሬው ከሹራቤ ሥር ሾልኮ ጭቃው ላይ የወደቀው።

አነሣው። ምን እንደሆነ አየ፣ እኔን አየኝ። ገባው፤ ሞኝ አልነበረም። በሸሚዙ እጅጌ ጭቃውን ጠርጎ መልሶ እጄ ላይ አደረገልኝ። "አብሽሪ" አለ። "ያንቺ ነው። ግፊ።" እኔ ከፊት መሪውን ይዤ፣ እሱ ከኋላ አንገቱን ደፍቶ እየገፋ፣ እስከ ሰልፉ መጨረሻ ወሰድነው። አዛውንቱ የሞተሩን ቤንዚን መያዣ የፈረስ አንገት እንደሚነካ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉትና፣ "በቃ፣ ተሸኘች። ከእንግዲህ የፈለገ ይንዳው" አሉ።

ታዲያ ልንገርህ፣ እውነት ተሸኘች። ከዚያ ቀን በኋላ ሸራውን ገልጬ መሪውን ባሸተው የሳሙና ሽታ ብቻ ሆነብኝ። ሞተር ብቻ ሆነ። ዐሥራ ሁለተኛን ስጨርስና ከዳንግላ ልወጣ ስዘጋጅ፣ ዝናብ ከሚበላው እንሽጠው ያልኩት እኔ ነኝ። እንጀራ አባቴ አልተቃወመም። "ያንቺ ነው ብያለሁ" አለ፤ ምሳውን ግን አልበላም።

የገዛው የጥሊሊ አስተማሪ ነው። ሊብሬውን ራሴ ሰጠሁት። ሰውዬው ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ሊያስነሣ ሲል እንጀራ አባቴ እጁን ይዞ፣ "ወንድሜ፣ እባክህ፣ እስከ ማዞሪያው ግፋውና እዚያ አስነሣው" አለው። አስተማሪው ግራ ተጋባ፤ ግን ጨዋ ሰው ነበር፣ ወርዶ ገፋው። በር ላይ ቆሜ ማዞሪያው ጋ እስኪደርስ አየሁት።

እንጀራ አባቴ አላየም። መንገዱን ተሻግሮ ብየዳ ቤቱ ገባና የብረት መቁረጫውን አስነሣ። ጩኸቱ ሰፈሩን ሞላው፤ ሞተሩ ማዞሪያው ጋ ሲነሣ እንኳ አልተሰማም። ተከትዬው ገብቼ ሳየው ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ መቁረጫውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። የሚቆረጥ ብረት ግን ፊቱ አልነበረም።