እትዬ ሚስ እና የአዝማሪው ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ሲሪልዲን ካለው የቻይናዎች ሰፈር ዝንጅብል ልገዛ ገብቼ ነበር። ባለሱቁ ከኋላዬ የአንድ ትልቅ ማሰሮ ክዳን ሲከፍት መራራም ጣፋጭም የሆነ የደረቀ የመንደሪን ልጣጭ ሽታ ሱቁን ሞላው፤ እኔም፣ ልጆች ወልጄ ያሳደግሁ፣ በሆስፒታል ኮሪደር ወጣት ሐኪሞችን የምቆጣ ሴት፣ የመጣሁበትን ረስቼ ቆምኩ። ኮሚሽነር ጎዳና መጨረሻ ላይ የነበረው የልጅነት አፓርታማችን፣ ሦስተኛው ፎቅ፣ በስተቀኝ የእኛ በር፣ ትይዩ ደግሞ ቀን ከሌት ይህ ሽታ የማይለየው የጎረቤታችን በር ፊቴ ድቅን አሉብኝ።

የጎረቤታችን ስም ሚስ ላም ነበር። በእሳቸው አገር ምንም እንከን የሌለበት የአባት ስም ነው፤ እኔና ወንድሜ ግን ገና ሰላምታ ለመስጠት አፋችንን ስንከፍት ሳቅ ይቀድመን ነበር። እማዬ አንድ ቀን ጆሯችንን ይዛ «ትልቅ ሰው በከብት ስም አይጠራም» ብላ ደነገገችና ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ሚስ ሆኑ። ትርጉሙን ሳይጠይቁ ወደዱት፤ ቆይተውማ ስልክ ሲያነሱ ራሳቸው «ኢትዬ ሚስ» እያሉ የገዛ ዘመዶቻቸውን ግራ ያጋቡ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ሆነው ሳለ «ሚስ» የሚባሉትም የመድረክ ስማቸው ስለነበር ነው፤ እትዬ ሚስ የካንቶን፣ የደቡብ ቻይና፣ ኦፔራ ተጫዋች ነበሩና።

በልጅነታቸው ከቤታቸው ጠፍተው ከመንደር መንደር ከሚዞር የኦፔራ ቡድን ጋር እንደተቀላቀሉ፣ አባታቸውም «የመድረክ ሰው ከእኔ ጋር ማዕድ አይቆርስም» ብለው እስከ ዕለተ ሞታቸው እንዳላዩዋቸው፣ ያንን ልጣጭ የጣሉበትን ትኩስ ሾርባ እያጠጡ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነግረውናል። ጆሃንስበርግ ያመጣቸው የአትክልት ሱቅ የነበረው ባላቸው ነው። እዚህም መጥተው ግን መድረኩን አልተዉም፤ የሕንጻው ምድር ቤት ውስጥ ባለው አዳራሽ፣ እሁድ እሁድ ከሰዓት፣ ልብስ ሰፊውም የጥርስ ሐኪሙም ባለሱቁም ተሰብስበው ሲለማመዱ ቃጭሉና ከበሮው እስከ እኛ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። እትዬ ሚስ ሁልጊዜ የሚጫወቱት ወንድ ሆነው ነው። ፊታቸውን በነጭ ቀብተው፣ የዓይናቸውን ዙሪያ ጽጌረዳ አስመስለው፣ ቅንድባቸውን እስከ ጆሮ ግንዳቸው ስበው፣ ከጀርባቸው ባንዲራ ተክለው፣ ከራስ ቁራቸው ላይ ሁለት ረጃጅም ላባዎች እያወዛወዙ ሲወጡ፣ ጠዋት ደረጃውን አርፈው አርፈው የወጡት አሮጊት የት እንደገቡ ግራ ይገባን ነበር። ፊታችን የቆመው ሃያ ዓመት ያልሞላው ጄኔራል ነው።

አባዬ ጀፕ በሚባለው የሐበሾች ገበያ ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጥ ነበር። ከከተማው ዳር፣ ጻካኔና አይቮሪ ፓርክ በሚባሉ ሰፈሮች ሱቅ የከፈቱ ያገር ልጆች ከእሱ ገዝተው በታክሲ ጭነው ይሄዳሉ፤ አቶ ደሳለኝ ሲባል በነጋዴውም በቤተ ክርስቲያኑም የተከበረ፣ የሰበካ ጉባኤ አባል የሆነ ሰው ነው። ከቤታችን ሰው በቀር የማያውቀው ነገር፣ አባቱም አያቱም ጎንደር ውስጥ ማሲንቆ ይዘው ከሰርግ ሰርግ የዞሩ አዝማሪዎች መሆናቸውን፣ እሱም ራሱ አዲስ አበባ ሳለ በአንድ ቴአትር ቤት ማሲንቆ ይመታ እንደነበረ ነው። እማዬ ሻንጣችንን ስታስር «አዝማሪ» የምትባለዋ ቃል ድንበር እንዳትሻገር አድርጋ ነው ያሰረችው። ማሲንቆው እዚያው ወንድሙ ቤት ቀረ።

እሁድ እሁድ ግን ከአዳራሹ እኛ ክር የምንለው የባለአውታር መሣሪያቸው ድምፅ ሲወጣ አባዬ ደረጃው ላይ ይቆማል። ቆሻሻ ሊጥል ወርዶ እንደሆነ፣ ቅርጫቱን እንደያዘ ይቆማል። የግራ እጁ ጣቶች በደረጃው መደገፊያ ላይ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ይሄዳሉ ይመለሳሉ። እኛ ልብ አላልነውም። እትዬ ሚስ ግን ልብ ብለውት ኖሯል።

የአዲስ ዓመታቸው በዓል ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ክር የሚመቱት ሽማግሌ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ወድቀው እጃቸው ተሰበረ። ያለ ክር ኦፔራ የለም። በማግስቱ እትዬ ሚስ በራችንን አንኳኩ፣ አባዬ ሲከፍትም በክብር ጎንበስ ብለው፣ «ሚስተር ደሳለኝ፣ ጣቶችህ ደረጃው ላይ ይጫወታሉ። እኔ ጋ መጥተህ በመሣሪያ ላይ አጫውታቸው» አሉት።

አባዬ ወደ እማዬ ዞረ። እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ማንም የማያውቀን አገር ነው ብዬ ነው የመጣሁት» አለችው በአማርኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ልጆቹን የአዝማሪ ልጆች ልታስብላቸው ነው?»

«ምን ናቸው ታዲያ?» አላት።

እማዬ ቢላዋውን አንስታ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። አባዬ ግን በሚቀጥለው እሁድ ወደ አዳራሹ ወረደ።

መሣሪያው ከማሲንቆ አነስ ያለ፣ ሆዱ የእባብ ቆዳ የተወጠረበት፣ በጉልበት መሀል የሚያዝ ነገር ነው። እንዳለመታደል ሁለት አውታር አለው፤ ደጋኑም ከሁለቱ መሀል ተቀርቅሮ ስለማይወጣ፣ በአንድ አውታር ላደገ ሰው የመጀመሪያው ሳምንት የመከራ ሳምንት ነበር። የሕንጻው ዘበኛ፣ አንድ ደግ የዙሉ ሽማግሌ፣ ድመት ደረጃ ስር ገብታ የምታጣጥር መስሎት፣ በቋንቋው ወይ ጉድ እንደማለት፣ «ሃይቦ» እያለ በባትሪ ሲፈልግ አግኝተነዋል። የእነሱን ኖታ ማንበብ አባዬ አልቻለም፣ አልሞከረምም። እትዬ ሚስ ይዘፍናሉ፣ እሱ ከኋላ ከኋላ ይከተላል፤ የዜማው አካሄድ ከእኛው ቅኝቶች ብዙ ስለማይርቅ ጆሮው ቶሎ ለመደው። «አባቴ ዘፋኝን አትቅደመው፣ አትራቀውም ይለኝ ነበር፤ እነዚህም የሚሉት ያንኑ ነው» አለን አንድ ቀን ከልምምድ ሲመለስ። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ኩራት መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያኔ አባቴ ድንገት ቁመት የጨመረ ነበር የመሰለኝ።

የበዓሉ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ የጆሃንስበርግ የበጋ ነጎድጓድ ከሩቅ ያጉረመርማል። ርችቱን ሰምተው ከጀፕ የመጡ ያገር ልጆች የአዳራሹን የኋላ ወንበሮች ሞሉት፤ ከመካከላቸው የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ ጋሽ ወንድይፍራው፣ ከረቫታቸውን እንዳሰሩ፣ እግራቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። መጋረጃው ሲከፈት አቶ ደሳለኝ ጥቁር የሐር ኮት ለብሶ፣ ክሩን በጉልበቱ መሀል ይዞ፣ ከመድረኩ ጥግ ታየ። የኋላው ወንበር አጉረመረመ። እማዬ አልመጣም ብላ ነበር፤ «ልጆቹን ልወስድ ነው» ብላ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ በሩ ጋ ቆማ አየኋት።

ወጣቱ ጄኔራል ወደ ጦርነት ሊሄድ እናቱን የሚሰናበትበት ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ እትዬ ሚስ ክንዳቸውን ዘርግተው አፋቸውን ከፈቱ። ድምፅ አልወጣም። ላባዎቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ነጩ ቀለም በላብ እየቀለጠ አንገታቸው ላይ ወርዷል። ከበሮ መቺው ዱላውን አንስቶ ቀረ። አባዬ ግን እጁን አላቆመም። የመጨረሻዋን ዜማ ያዛት፣ ጎተታት፣ አንዴ ዞራትና፣ አያቴ ሙሽራ ከቤተሰቧ ስትለይ ይመቱት ወደነበረው የመሸኛ ዜማ አሻገራት። የፊት ወንበር ላይ የነበሩት ቻይናውያን አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ከኋላ፣ የጀፕን ጭነት ሲሸከም የሚውል አንድ የሆሳዕና ልጅ፣ ሰርግ ቤት እንዳለ ሰው፣ ረጋ ብሎ «ይበል» አለ። ሌላው ተቀበለው። እማዬን ዞሬ ሳያት ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ወርዷል፤ ፊቷ ለሁሉም እንዲታይ ሆኖ ቆማለች።

በዚያች ፋታ እትዬ ሚስ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ረጅሙን እጅጌያቸውን ወደ አባዬ ወርውረው ሰበሰቡትና ዘፈኑ። እስከ መጨረሻው ዘፈኑ።

በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ወንድይፍራው ሰው በተሰበሰበበት አባዬን ያዙት። «አቶ ደሳለኝ፣ አዝማሪ መሆንህን ሳትነግረን ነው የኖርከው» አሉት።

«አልነገርኩም» አለ አባዬ። «አሁን ግን ሰምታችሁታል።»

እማዬ ከጎኑ ቆማ ነበር። «የልጅዎ ሰርግ ሲደርስ ይጥሩት፣ ጋሽ ወንድይፍራው» አለቻቸው ነጠላዋን እያስተካከለች። «ቀኑ ክፍት ከሆነ ይመጣል።» ከዚያም እኔንና ወንድሜን እጃችንን ይዛ፣ እንደዚያ ቀን ቀጥ ብላ ስትራመድ አይቻት አላውቅም፣ ወደ ታክሲው ወሰደችን። በአዲሱ የሰበካ ጉባኤ ምርጫ የአባዬን ስም ያነሳ አልነበረም፤ ሁለት ሦስት ደንበኞችም ለጊዜው ሱቅ ቀየሩ። እሁድ ከሰዓቱ ግን የእሱ ሆነ። የአማርኛ ትምህርት ቤት ልጆች «የአዝማሪ ልጅ» ሲሉኝ፣ እማዬ እንዳደረገችው አገጬን ቀና አድርጌ «አዎ፣ ምን ላምጣልህ?» እል ነበር።

አዳራሹ ዛሬ የጫማ መጋዘን ነው። የቡድኑ ልጆች ወደ ካናዳና አውስትራሊያ ተበተኑ፤ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ አለፉ። እትዬ ሚስ በአንድ የክረምት ሳምንት ሲያርፉ፣ ከውጭ የመጣው ልጃቸው ልብሱንና ላባዎቹን ጭኖ ሄደ፤ ክሩን ግን ለአባዬ ተወለት። አባዬ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። የኦፔራውን ዜማ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ያውቀዋል፤ ቃሉን የሚያውቅ ግን በዚህ ከተማ እኔ የማውቀው አንድ ሰው እንኳ የለም። እሱም አንድ ቃል ገብቶት አያውቅም፤ በጆሮው ብቻ ነው የተከተለው።

ከሲሪልዲን በተመለስኩ ማግስት፣ ምሳ በልተን ስናበቃ እንዲጫወትልኝ ለመንኩት። የስንብቱ ቦታ ላይ ሲደርስ እጁን አቆመ። የጨረሰ መስሎኝ፣ «አባዬ፣ እዚህ ጋ ጄኔራሉ ለእናቱ የሚላት ምንድን ነው?» አልኩት።

«አላውቅም፣ ልጄ» አለኝ፣ ደጋኑን ሳያወርድ። «ብቻ እዚህ ጋ እትዬ ሚስ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እየጠበቅኳቸው ነው።»