ሽማግሌ የተላከለት ጋቢ

ጥሩነህ ሰው ቤት ገብቶ የቀረበለትን በመጀመሪያው ግብዣ ተቀብሎ አያውቅም። አንጀቱ በረሃብ እየጮኸ «አይ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። ሲደግሙለት «ኧረ ተዉ» ይላል። በሦስተኛው «በሞቴ» ሲባል፣ እንደ ተገደደ ሰው ቁጭ ብሎ ትሪውን ሙልጭ ያደርገዋል። እኛ ዘንድ ይሄ ጨዋነት ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ግን ጦም ያሳድራል። አንድ ቀን አብሮት የሚሠራ ፈረንጅ ቤቱ ወስዶት «ትበላለህ?» አለው። «አይ» አለ ጥሩነህ። ሰውዬው «እሺ» ብሎ ዶሮውን ብቻውን በላ። ጥሩነህም እያየ ምራቁን ውጦ፣ አውቶቡስ ይዞ ወደ ሰፈሩ ወደ ፍሌሚንግደን ፓርክ ተመለሰና ገና ከበሩ ሚስቱን የኔነሽን «የሚበላ ነገር አለ?» አላት።

እንግዲህ ዓለም አቀፍ ነጋዴ ልሁን ብሎ የተነሳው ይሄ ሰው ነው!

ዘመኑ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 1995 ነው። ቀን መሃል ከተማ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል፣ ማታ ማታ ኮሌጅ ገብቶ የዓለም አቀፍ ማርኬቲንግ ኮርስ ይወስዳል። አስተማሪው «አገርህ አሳምራ የምትሠራውን ዕቃ ፈልግ፤ ከዚያ ስለ ዕቃው አፍህን ሞልተህ ተናገር» ብሎታል። ጥሩነህ የመጀመሪያውን በደንብ ያዘ። ሁለተኛውን የሰማው አይመስለኝም።

ታላቅ እህቱ ውብአለም ሽሮሜዳ ጥጥ ፈትላ የምታድር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ኮል አደረገላትና «እትዬ፣ ጋቢ ላኪልኝ። ይሄ አገር ብርድ ነው፣ ገበያው የኛ ነው» አላት። እሷም ወንድሟን አምና ጎረቤቶቿን ሰብስባ አስፈተለች፣ ሸማኔ አሠራች። ሁልጊዜ ሥራቸውን የሚገዛቸውን ነጋዴ «ዘንድሮ ለካናዳ ነው» ብለው መለሱት። ነጋዴው ተቀይሞ ፊቱን ወደ ሌሎች አዞረ። ስለዚህ ጥሩነህ ካልሸጠ እነዚያ ሴቶች የሚሄዱበት የላቸውም። ይሄን ያውቃል። ሌሊት ሌሊት ያገላብጠዋል።

ጋቢው መጣ። ሶፋው ላይ ጋቢ፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ ጋቢ፣ አልጋው ሥር ጋቢ። የኔነሽ ጥቂት ቀን ቻለችና «ጥሩዬ፣ የቤቱ ኪራይ ውል ላይ የተጻፈው የኔ ስም ነው ወይስ የጋቢው?» አለችው።

ጥሩነህ ከረባቱን አሥሮ፣ ምርጡን ጋቢ ይዞ፣ ደህና ደህና የአልጋ ልብስ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄደ። ባለቤቷ ዶሪን የምትባል ፈረንጅ ናት። ጋቢውን ዳሰሰችው፣ ጉንጯ ላይ አደረገችው። «እንዴት ያምራል! ታቀርብልኛለህ?» አለችው።

በገዛ አፉ የገዛ እህቱን ሥራ ያሞግስ? ነውር አይደለም እንዴ! «ምን ይረባል ብለሽ ነው፣ እንዲሁ ተራ ነገር ነው» አላት።

ዶሪን ግራ ገባት። «እኔ ግን ወድጄዋለሁ። አትሸጥልኝም?»

«ኧረ ግድ የለም፣ ይቅርብሽ» አለና ሦስተኛውን ግብዣ ይጠብቅ ጀመር። የሚጠብቀው ግን አልመጣም። ሴትዮዋ ጋቢውን አጣጥፋ መለሰችለት፣ አመስግናው እስከ በሩ ሸኘችው።

ቤቱ ገብቶ «አልፈለገችውም» አለ፣ ከረባቱን እየፈታ።

የኔነሽ ባሏን ታውቀዋለች። «ያንተ አፍ ለዚህ አይሆንም። ሰው ላክ» አለችው። «እኔን ያገባኸኝ በራስህ አፍ ጠይቀህ ነው?»

አቶ ባልቻ ማለት የፍሌሚንግደንን ሐበሻ ግማሹን ያጋቡ፣ ግማሹን ያስታረቁ ሰው ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ ሳይስቁ «መች ነው የምንሄደው?» አሉ። በኖቬምበር ብርድ ሦስት ሽማግሎች የእነ ውብአለምን ጋቢ ደርበው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይገባምና ጥሩነህ መንገድ ማዶ ፌርማታው ላይ ቀረ።

ዶሪን ወንበር ብታቀርብላቸው «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ምስኪን፣ ሰልፍ የወጡባት መሰላት! አቶ ባልቻ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ጥሩነህ የጨዋ ልጅ እንደሆነ፣ አባቱም አያቱም ሰው አስቀይመው እንደማያውቁ፣ ጋቢውም ከደህና ቤት እንደወጣ አስረዱ። ዶሪን ሰምታ ሰምታ «እስቲ ላስብበት» አለች።

በዚህ አገር ይህ ማለት «በሰላም ሂዱ» ነው። አቶ ባልቻ ግን ፈገግ እያሉ ወጡ። «በለው! የጨዋ ቤተሰብ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቀን እሺ ብትል ነበር የምሰጋው» አሉ። በሁለተኛው ሳምንት ሦስቱም በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጋቢ፣ በዚያው ወለል ላይ ቆሙ፤ ጥሩነህም ማዶ በዚያው ፌርማታ።

ዶሪን ይሄን ጊዜ ትዕግሥቷ አለቀ። «ጌቶቼ፣ እኔ እኮ መጀመሪያ ቀን ልገዛ ጠይቄዋለሁ፤ ያውም ሁለቴ! እምቢ ያለኝ እሱ ነው። አይረባም ያለኝም እሱ ነው። እናንተ ደግሞ ጥሩ ነው ትላላችሁ። ማንን ልመን?»

ሽማግሎቹ ተያዩ። አቶ ባልቻ መንገዱን ተሻግረው የጥሩነህን ክንድ ጨበጡ። «አንተ! ሙሽሪት እሺ ብላህ ነው እኛን በዚህ ብርድ የምታንከራትተን?»

እየጎተቱ አስገቡት። ዶሪን ፊት ለፊቱ ቆመች። «ራስህ ንገረኝ። ጥሩ ነው ወይስ አይረባም?»

ጥሩነህ ሽማግሎቹ የደረቡትን ጋቢ አየ። እንዝርት ሲሾር ዓይኑ ላይ መጣ፤ የእህቱ የተሰነጣጠቀ ጣት፣ «ወንድሜ ካናዳ ይሸጥልናል» እያለች ጎረቤቶቿን ስታግባባ። ይሄን ጣት ነው ባሕር አቋርጦ መጥቶ ምን ይረባል ያለው! ሲያፍር የኖረ ሰው ያን ዕለት ደህና አድርጎ አፈረ።

«ጥሩ ነው» አለ። «እህቴ ናት የፈተለችው። ከዚህ የሚበልጥ የለም።»

«ያለህን ሁሉ እወስዳለሁ» አለች ዶሪን። «ሌላስ ታስመጣልኛለህ?»

ጥሩነህ «ኧረ ግድ...» ሊል አፉን ሲከፍት አቶ ባልቻ እግሩን ረገጡት።

«አስመጣለሁ!»

ሽማግሎቹ ይሄኔ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ማታውኑ፣ እዚያ እንደነጋ፣ ሽሮሜዳ ደወለ። «እትዬ፣ ሁሉንም ወሰደችው! ሌላም አምጣ ብላለች! ፈትልሽን እንዴት እንደወደደችው!»

«ኧረ ወዲያ!» አለች ውብአለም። «እሱ ደግሞ ምን ይረባል ብላ ነው?»

«እትዬ!» ጥሩነህ ጮኸ፤ የኔነሽ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «ሁለተኛ እንዲህ ስትይ እንዳልሰማ!»

ውብአለም በቀስታ «ጥሩ ነው እንዴ?» አለችው።

«ጥሩ ነው፣ እትዬ።»

ንፍጧን ስትስብ ተሰማው። «እንግዲያው ልዝጋው» አለች። «ሄጄ ለሴቶቹ ልንገራቸው።»