አዲሱ አዳራሽ የቱ ነው?

ወልድያ ውስጥ «አዲሱ» የሚል ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። አዲሱ መንገድ፣ አዲሱ ሰፈር፣ አዲሱ ገበያ፣ አዲሱ አዳራሽ። ማን ነው አዲስ ያለው? መቼ ነው ያለው? ስም አንዴ ከወጣ ወጣ ነው፤ ግድግዳው ተሰንጥቆ፣ ቆርቆሮው ዝጎ እንኳ «አዲሱ» ይባላል። ከጎኑ ሌላ ሲሠራ ያም «አዲሱ» ይባላል። የከተማው ነባር ሰው አይምታታበትም፣ የትኛውን እንደሚል ልቡ ያውቀዋል። ከመርሳና ከግራና የሚመጣው ግን ሲዞር ይውላል። እኔ ዞሬያለሁ። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ማታ ለጎረቤት አውርቼው፣ ስቄበት ይወጣልኝ ነበር። አባቴን ይዤ ነበር።

አባቴ ግራና አጠገብ ማሽላና ጤፍ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። እኔ መርሳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። የአባቴን ዓይን ሞራ ጋረደው፤ መጀመሪያ ግራውን፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቀኙን። እንታከም ባልኳቸው ቁጥር ማሽላው ይሰብሰብ ይላሉ። ማሽላው ሲሰበሰብ ጤፉ ይወቃ፣ ጤፉ ሲወቃ ረመዳን ይውጣ። አንድ ቀን ከመስጊድ ሲመለሱ ደጃፍ ላይ ለተከመረ የማሽላ አገዳ «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ቆሙ። መልስ ሲያጡ ደገሙት። ያየው ጎረቤት ሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። በሦስተኛው ቀን ግን ስልክ አስደውለው «ነይና ውሰጂኝ» አሉኝ። አባቴ ከሰው እርዳታ ሲጠይቁ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

በዚያው ሳምንት ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው የመብራት ምሰሶ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። ከሌላ ከተማ የመጡ ሐኪሞች ወልድያ ላይ የዓይን ሞራ በነጻ ይሠራሉ ይላል። ምዝገባው ሦስት ቀን ነው፤ በመጨረሻው ቀን እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ። ቦታው ከአዲሱ አዳራሽ ጀርባ። ከታች ስልክ ቁጥር አለ፤ ብደውል ዝግ ነው። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ በሦስቱም ጊዜ ግልጽ ሆኖ ታየኝ። አዳራሹ አዲስ ነው፣ እኛ ከጀርባው እንሄዳለን፣ አለቀ።

አባቴን ከግራና አምጥቼ መርሳ ቤቴ ያሳደርኳቸው በምዝገባው ሁለተኛ ቀን ነው። በማግስቱ በጠዋት ተነስተን መኪና ተራ ብንደርስም ሚኒባሱ አልሞላ አለ። ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ» እያለ ሰዓት ተኩል አስቀመጠን። ሲሪንቃን አልፈን ወልድያ ስንገባ አራት ሰዓት ሆነ። ሁለት ሰዓት አለኝ ብዬ ተጽናናሁ። ለአንዲት ከተማ ሁለት ሰዓት ምን ያንሳል?

ባጃጅ ጠራሁና ነጂውን «አዲሱን አዳራሽ ታውቀዋለህ?» አልኩት።

«አውቀዋለሁ፣ ግቡ» አለ።

መንገዱ ተቆፍሯል። ይቆፈር፣ ከተማ ሲሠራ ይቆፈራል፤ በዚህ አልቆጣም። የሚያስቆጣኝ ምልክቱ ነው። አንዱ ጋ «መንገዱ ተዘግቷል» የሚል ሰሌዳ ፊቱን ወደ አፈር ደፍቶ ተኝቷል። የተዘጋ መሆኑን የምታውቁት ገብታችሁ ጉድጓዱ ጫፍ ስትደርሱ ነው። እንደገና ወደ ኋላ። ሌላው ጋ «ተለዋጭ መንገድ» የሚል ተተክሎ፣ ቀስቱ የሰው ግቢ አጥር ላይ ይጠቁማል። ነጂው «መኪና ገጭቶት ዞሮ ነው» አለኝ በእርጋታ። ታዲያ የሚያቀናው የለም? «ሰው ለምዶታል» አለ። ምልክት የሚተክለው መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ሲጣመምም የሚያልፈው መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነው። የማያውቀው ለማን ይናገር?

ነጂው ያወረደን መስታወቱ ገና የፋብሪካ ወረቀቱ ያልተላጠለት ትልቅ ሕንፃ በር ላይ ነው። አዲስ መሆኑ አያጠራጥርም። ደግሞም በሩ ላይ «ምዝገባ በዚህ በኩል» የሚል ጽሑፍ ከነቀስቱ ተለጥፏል። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። አባቴ የሻርፔን ጫፍ ይዘው፣ በከዘራቸው ደረጃውን እየቆጠሩ ወጣን። ፎቅ ላይ ሰልፍ አለ፤ ተሰለፍን። ከፊታችን ያሉት ሁሉ ወጣቶች መሆናቸውን አይቻለሁ። ዛሬ ዛሬ ሞራ ወጣቱንም ይዞታል ማለት ነው ብዬ አዘንኩላቸው። ግማሽ ሰዓት ቆይተን ጠረጴዛው ጋ ስንደርስ ጸሐፊዋ ቀና ሳትል «የትምህርት ደረጃ?» አለች።

«ቁርአን ቀርቻለሁ» አሉ አባቴ፤ ቁርአን ማንበብ ተምሬያለሁ ማለታቸው ነው።

ቀና አለች። ለካ ምዝገባው የወጣቶች የሥራ ሥልጠና ነው። ከኋላችን የተሰለፉት ሳቁ። አባቴም ፈገግ አሉ፤ እኔ ግን ፊቴ ነደደ። ምዝገባ ብሎ ጽፎ የምን ምዝገባ እንደሆነ አንድ ቃል መጨመር ምን ያህል ቀለም ይጨርሳል? የዓይን ሕክምናው የት እንደሆነ ጸሐፊዋን ጠየቅኳት። ጥቂት አሰበችና «እሱ ጎንደር በር ሰፈር በኩል ነው መሰለኝ፣ እዚያ አዲስ አዳራሽ አለ» አለችኝ።

ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እኔ የቀረብኝ በመጠየቅ ነው። የእኛ አገር ሰው መንገድ ለጠየቀው እንግዳ «አላውቅም» ማለትን ውሃ እንደ መከልከል ይቆጥረዋል። ባዶ እጁን ከሚሸኘው የሆነ ነገር ይሰጠዋል። ቀኝ ይሰጠዋል፣ ግራ ይሰጠዋል፣ ካልሆነም በአገጩ ወደ ተራራው እያመለከተ «እችው ናት፣ አትርቅም» ይለዋል። ከልቡ ነው፣ ክፋት የለበትም። ክፋት ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር፤ ከክፉ ሰው እጠነቀቅ ነበር። እኔስ ብሆን መርሳ ላይ ከስፌት መኪናዬ ቀና ብዬ ስንቱን እንዲህ ሰድጄዋለሁ።

ከሕንፃው ስንወጣ አባቴ ከዘራቸውን ተክለው ቆሙ።

«ልጄ፣ እኔ የማውቀው አዲሱ አዳራሽ ወደ አዳጎ መውረጃው ላይ ያለው ነው። እናትሽን ባገባሁ ዓመት ነው የተሠራው። ለገበያ መጥቼ ድንጋይ ሲያራግፉ ቆሜ አይቻለሁ» አሉ።

«አባ፣ ያኔ የተሠራ ቤት ዛሬ አዲስ ይባላል?»

«ስሙ እኮ ነው። ወላሂ ስሙ ነው። እስቲ እዚያ እንይ።»

ሰዓቱ አምስት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ፀሐዩ በርትቷል፣ አቧራው አፌ ውስጥ ገብቷል፣ የወጣቶቹ ሳቅ ጆሮዬ ላይ አለ። እንዲህ አልኳቸው፦

«አንቱ ምን ያያሉ? ዝም ብለው ይከተሉኝ።»

ቃሉ እንዲህ ነው የወጣው። መንገድ ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ ላሳደገኝ አባቴ። አባቴ የሻርፔን ጫፍ እንደገና ፈልገው ያዙት፤ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደምንሄድ አንድም ጊዜ አልጠየቁኝም።

ጎንደር በር ሄድን። እዚያ ያገኘነው አዲስ አዳራሽ የሠርግ ድንኳንና ወንበር የሚከራይበት ነው። ባለቤቱ ደግሞ በጣም ጥሩ ሰው ነው፤ እሱም አላውቅም አላለኝም። ወደ ላይ ላከን። ወደ ላይ ስንወጣ አንዲት ሴት ወደ ታች መለሰችን። አንድ ቢጫ ሰሌዳ «ጤና» የሚል አየሁና ሮጬ ሄድኩ፤ ቀሪው ግማሽ ተገንጥሎ ወድቋል፣ ሰሌዳው የሚጠቁመው ግቢም የእህል መጋዘን ሆኗል። ሰሌዳውን በእግሬ መታሁት። ሰው አየኝ፣ ይየኝ። አባቴ ድምፁን ሰምተው «አብሽሪ፣ ልጄ» አሉ። አብሽሪ ማለት አይዞሽ ነው፤ እኔን ግን ያን ሰዓት የበለጠ አናደደኝ። እኔ ጮኼባቸው እሳቸው ያጽናኑኛል።

በመጨረሻ መንገድ ዳር የተቀመጠ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ አገኘሁ። አዲሱ አዳራሽ የቱ ነው አልኩት፤ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። መርፌውን እንኳ አላቆመም።

«አዳጎ መውረጃው ላይ ያለው ነዋ።»

«ያ የድሮው?»

«ድሮም አዲሱ ነው፣ ዛሬም አዲሱ ነው።»

«መስታወት ያለው ትልቁስ?»

«እሱን ሕንፃው ነው የምንለው።»

አባቴ ከኋላዬ ቆመው ሰምተዋል። ዞሬ ላያቸው አልቻልኩም። «እኔ ምን አልኩሽ» ቢሉኝ ምናለ ብዬ ተመኘሁ፤ አላሉኝም። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

ባጃጅ ያዝን። እሱም ከተቆፈረው ጋ ሲደርስ ከዚህ አላልፍም አለ፤ በእግራችን ወረድን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት አባቴን ነው። እጃቸውን ይዤ ስጎትታቸው ቦይ ላይ በጣሉት ሳንቃ ላይ እግራቸው ከዳቸውና በጉልበታቸው ወደቁ። አነሳኋቸው። ሽርጣቸው ላይ ጭቃ፣ ጉልበታቸው ላይ ትንሽ ደም። «ደህና ነኝ፣ ሂጂ ሂጂ» እያሉ እሳቸው ይገፉኝ ጀመር።

ከአዳራሹ ጀርባ ያለው ግቢ ስንደርስ ስድስት ሰዓት አልፎ ሃያ ደቂቃ ሆኗል። የውጭው በር ላይ ምንም የተጻፈ ነገር የለም። ምልክቱን ያየሁት ጥበቃው ትንሿን በር ሲከፍትልን ነው፤ የደብተር ቅጠል የሚያክል ወረቀት፣ ግቢው ውስጥ፣ ግንድ ላይ። ደርሶ ለገባ ሰው መድረሱን የሚነግር ምልክት።

አንዲት ነርስ መጣች። ምዝገባው አልቋል፣ ዝርዝሩ ለሐኪሞቹ ተሰጥቷል፣ ቀጥሎ የሚሠሩት በዝርዝሩ ያለውን ብቻ ነው አለች። ሌላ ዙር መቼ ነው አልኳት። አይታወቅም አለች። በክፋት አልነበረም፣ ድካም ይታይባታል። እኔ ግን ጀመርኩ። ሰሌዳ የላችሁም፣ ስልካችሁ ዝግ ነው፣ አርባ ዓመት ያለፈውን ቤት አዲስ ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ዓይን ለሌለው ሰው ያዘጋጃችሁት ነገር ዓይን ላለውም አይገኝም አልኳት። ድምፄ ግቢውን ሞላው። ከዛፉ ሥር የተቀመጡት፣ በጊዜ ደርሰው የተመዘገቡት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ ሁሉም በማያይ ዓይናቸው ወደ እኔ ዞሩ።

ነርሷ «እህቴ፣ እነዚህ ሁሉ አግኝተውት መጥተዋል እኮ» አለች።

ይህን መመለስ ያለብኝ እኔ ነበርኩ። አባቴ ቀደሙኝ።

«ተይ፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን ድምፁ ወደ መጣበት አቅጣጫ አድርገው ለነርሷ እንዲህ አሏት፦ «አትቀየሚያት። ጥፋቱ የእኔ ነው። እሷ በጠዋት ነው የተነሳችው፣ ቦታውንም ታውቀዋለች። እኔ ነኝ ያዘገየኋት፣ እግሬ አይፈጥን፣ መንገድ ላይም ወደቅኩባት።»

ነርሷ ጉልበታቸውን አየች፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝ። እውነት ነው ወይ የምትል መሰለኝ። እውነት አይደለም ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። አዲሱ አዳራሽ የት እንደሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድመው ነግረውኝ ነበር፣ ዝም በሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ምናልባት አዝና ታስገባን ይሆናል ብዬ ነው፤ እንዲህ ብዬ ለራሴ ስነግረው ቆይቻለሁ። እውነቱ አፍሬ ነው። ነርሷ አዘነች፤ ጉልበታቸውን በአልኮል ጠራርጋ አሸገችላቸው። ዝርዝሩን ግን አልከፈተችውም።

እስከ ዛሬ ሌላ ዙር አልመጣም። አባቴ ግራና ናቸው፤ ሰውን በድምፁና በእርምጃው ይለያሉ። ስሄድ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ አንዱ ሳይጠይቅ አይቀርም፤ ወልድያ ድረስ ሄደው ለምን ሳይሠራልዎት ቀረ ይላቸዋል። አባቴ ሁልጊዜ የሚመልሱት አንድ ነው።

«እኔው አርፍጄ ነው» ይላሉ።

እኔ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ ይህን ሲሉ ፊታቸውን አያለሁ፣ እሳቸው የእኔን አያዩም። አንድም ቀን አላረምኳቸውም።