የንዑሰ ክርስቲያን አዳራሽ

አቦቦ ከተማ ውስጥ ታሪክ ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ክረምት ነው። አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ፃኡ ንዑሰ ክርስቲያን» ሲል አጠገቤ የቆመች ሴት ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ያልተጠመቃችሁ ውጡ ማለት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ የምር ሰምቶ የሚወጣ ሰው ግን አይቼ አላውቅም።

ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ ከክዳኑ ሥር ግድግዳው ላይ ተለጥፋ አገኘኋት። ዝናቡ አንድ ጎኗን አርሶታል። የጤና ጣቢያችን ነርስ ናት፣ የአኙዋ ብሔረሰብ ልጅ፤ ለመጠመቅ ትማር ነበር።

«ሲስተር፣ ምን አስወጣሽ? ማንም እኮ አይከለክልሽም!»

«ቲቸር፣ ውጡ አለ። እኔ ገና አልተጠመቅኩም» ብላ ሳቀች። «ግን መቆሚያ የለም።»

መቆሚያ! ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለፈተና የሸመደድኩት ነገር ድንገት ነፍስ ዘራ። የጥንት ክርስቲያኖች፣ በኋላም የቢዛንታይን ሰዎች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዋና በር ፊት የመግቢያ አዳራሽ ይሠሩ ነበር። ገና የሚማሩት ሰዎች የሚቆሙት እዚያ ነው። ለካ ለእሷ ነው የተሠራው!

በዚያው እግሬ ወደ ቄሱ ሮጥኩ። ከወሎ በሰፈራ የመጡት ሽማግሌ ግንበኛ አብረዋቸው ተቀምጠዋል። ደብተሬን ገልጬ በጥድፊያ ሣልኩላቸው።

«ይኼማ በረንዳ ነው» አሉ ግንበኛው።

«በረንዳ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ራሴም ደነገጥኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ነርሷ ዝናብ ላይ መቆሟንም ጭምር።

«ይኼን ሁሉ ዘመን ስቀድስ» አሉ ቄሱ፣ «ውጡ ስንላቸው ወዴት እንደሚሄዱ አስቤ አላውቅም፣ ልጄ።»

ግንበኛው ደብተሬን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «ግድግዳው ከወገብ አይለፍ። በዚህ ሙቀት ዙሪያውን ከደፈንነው ምድጃ ነው የሚሆነው።»

በበጋው ሠራነው። ምእመናኑ ከወንዝ ድንጋይ አመላለሱ፤ ነርሷ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ እየመጣች ጭቃ አቦካች። እኔ ማስተማሬን እንደጨረስኩ እየበረርኩ ሄጄ ስንት ረድፍ እንደተነሳ አያለሁ። ቆርቆሮው የተመታ ቀን እንደ ሕፃን ከዳር ዳር ተመላለስኩበት።

የመጀመሪያው ዝናብ የመጣው እሑድ ነበር። ዲያቆኑ «ፃኡ» ሲል ነርሷ ወጣች። አንገቴን አዙሬ ሳያት ግድግዳውን ተደግፋ፣ ሳትረጥብ፣ በክፍቱ በር ወደ ውስጥ ታያለች። ከዚያ በኋላ ምን እንደተቀደሰ አላውቅም፤ ደስታው ጆሮዬን ደፈነው።

እንደገና በጋ ሳይገባ ተጠመቀች። እልል ያልኩት ድምፄ እስኪዘጋ ድረስ ነው። በሚቀጥለው እሑድ «ፃኡ» ሲባል እሷ ካጠገቤ ንቅንቅ አላለችም፤ ከኋላችን ግን ሁለት ሰዎች ወጡ። አንደኛዋ ከጎግ ወረዳ የመጡ የነርሷ እናት ናቸው። እግራቸውን ያማቸዋል። ግንበኛው ይኼን እንደሰሙ ሰኞ ጠዋት ድንጋይ ይዘው መጡና የግድግዳውን ሥር ተከትለው መደብ መሥራት ጀመሩ።