ስማችን ያለበት ዝኩኒ

ዓመቱን ሙሉ መኪናውን ሳይቆልፍ የሚያድር፣ ኦገስት ሲገባ ብቻ የሚቆልፍ ከተማ አለ ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ አላመንኩም ነበር። ጎረቤቴ ጋሼ ጀማነህ ግን ዕድሜያቸውን የፈጁት እዚያ ነው።

ከተማው ኦልደርቪል ይባላል፤ እኛ ከምንኖርበት ከኮለምበስ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሁለት ሰዓት መንገድ። በግራ በቆሎ፣ በቀኝ አኩሪ አተር፣ መሃል ላይ አንድ የትራፊክ መብራት፣ አለቀ! ጋሼ ጀማነህ በወጣትነታቸው ከሱዳን የስደተኛ ካምፕ ሲወጡ የዚያች ከተማ ቤተ ክርስቲያን ስፖንሰር አደረገቻቸውና ከባለቤታቸው ከእትዬ እፀገነት ጋር በቀጥታ እዚያ ወረዱ። ሌላ ሐበሻ ለመድኃኒት አይገኝም። ገበሬው እህሉን በትራክ አምጥቶ የሚያራግፍበት ትልቅ ጎተራ ነበር፤ እሳቸው ሚዛኑ ላይ ተቀጠሩ፣ ሚዛኑ ላይም ሸበቱ። እትዬ እፀገነት ሲያርፉ የተቀበሩትም እዚያው ነው።

ልጃቸው ናርዲ እዚሁ ኮለምበስ አጠገብ ኒው አልባኒ የምትኖር ፋርማሲስት ናት። እናቷ ካረፉ በኋላ፣ አባቷ አንድ ቀን ደጃቸው ላይ አዳልጧቸው በረዶ ውስጥ ወድቀው እንዳይቀሩ እየሰጋች እንቅልፍ አጣች። ባለፈው ስፕሪንግ አምጥታ ከእኔ ጎን ያለውን ታውንሃውስ ተከራየችላቸው። "እዚህ ሐበሻ ሞልቷል፣ ዳዲ ከሰው ጋር ይሆናል" አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ ሞልተናል። ግን ቤት አንገኝም! እትዬ ጽጌረዳ ሆም ኬር ናቸው፣ በሽተኛ በየቤቱ እያስታመሙ ሁለት ሺፍት ይሠራሉ፤ የቀረቻቸውን ሰዓት ቸርች ናቸው። ዙልፋና የሱፍ የወሎ ልጆች ናቸው፤ እሷ ቀን፣ እሱ ማታ ዌርሃውስ ይሠራሉ፤ ባልና ሚስት የሚተያዩት ፓርኪንግ ላይ የመኪና ቁልፍ ሲቀባበሉ ነው። እኔም ከእነሱ አልሻልም።

ሁላችንም ጋሼ ጀማነህን ስናይ "አገራቸው ናፍቋቸው ነው" እንል ነበር። ናፍቋቸዋል፤ የናፈቃቸው ግን ኦልደርቪል ነው! እኩለ ቀን ላይ የሚጮኸው ሳይረን። እሱ ሲጮህ ከተማው በሙሉ ሳንድዊቹን ይገምጣል። ደግሞ እዚያ ሁለት መኪና ሲተላለፍ ሹፌሩ ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን ብድግ ያደርጋል፤ ሰላምታ መሆኑ ነው። ጋሼ ጀማነህ ይቺን ጣት እዚህ ሰፈራችን፣ ሞርስ ሮድ ላይ ይዘዋት መጡ። ላለፈው ሁሉ ብድግ! የትኛው ጣት እንደሆነ በቅጡ ያላየ አንድ ጎረምሳ እስከ ቀጣዩ መብራት ድረስ እየተሳደበ ተከተላቸው።

"አመልካች ጣቴ ነበረች እኮ፣ ምህረትዬ" አሉኝ፣ ከጓሮ አጥሩ ማዶ አትክልት እያጠጡ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ሌላውንም የነገሩኝ እዚያው አጥር ላይ ነው። ለኦልደርቪሉ ቤት ገዢ መጥቶለታል፤ ወጣት ባልና ሚስት። ናርዲ "ይሸጥ" ትላለች። እሳቸው ደግሞ "የመጀመሪያው ውርጭ እስኪወርድ ታገሺኝ" ብለዋታል።

"ለምን እስከ ውርጭ?"

"እስከዚያ ከዚህ ሰፈር አንድ ሰው ፈልጎ በሬን ካንኳኳ ቤቱ ይሸጥ፣ እኔም እዚህ ልኑር። ካልመጣ ግን እመለሳለሁ። ባዶም ቢሆን የራሴ ቤት ነው።"

"እኔ አሁኑኑ ዞሬ አንኳኳለሁ!"

"አንቺማ አጥር ለአጥር ነሽ፣ አትቆጠሪም። ደግሞ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ተነግሮት የሚመጣ ሰው እንግዳ አይደለም።"

ማልኩላቸው። ምነው ባልማልኩ!

ኦገስት ገባ። እኔ እህቴ ዘንድ ሲንሲናቲ ሄጄ ስለነበር የዓርቡን ነገር በዓይኔ አላየሁም፤ ግን ሁሉም ደጋግመው ስለነገሩኝ፣ የሱፍም የእትዬ ጽጌረዳን ድምፅ እያስመሰለ ስለተጫወተው፣ ያየሁት ያህል ነው።

የሱፍ ጠዋት ከሥራ ሲመለስ በራቸው ላይ የሰው ክንድ የሚያህል አረንጓዴ ነገር ተጋድሟል። ጎንበስ ሲል ልጡ ላይ "የሱፍ" ይላል፤ ከሥሩ "ዙልፋ"።

"ዙልፋ! እንዳትወጪ! እንዳትነኪው!"

በዚያው ቅጽበት ከወዲያ በኩል እትዬ ጽጌረዳ ለሥራ ሲወጡ ጮኹ። "በኢየሱስ ስም! በኢየሱስ ስም! የኔም አለ! ጽጌረዳ ይላል!"

"በቢላ ነው የተጻፈው?" አለች ዙልፋ፣ በበሩ ቀዳዳ።

"የምን ቢላ!" አለ የሱፍ። "ጠባሳ ነው እንጂ! ከውስጥ ነው አብሮ የበቀለው!"

"ያ አላህ! ፊደሉ ደግሞ የኛ ነው።"

"እሱ አይደል የሚያስፈራው!" አሉ እትዬ ጽጌረዳ። "ፈረንጅ ቢሆን ምን ያውቃል? ይሄ የኛው ሰው ነው፣ መተት ነው!"

እትዬ ጽጌረዳ ዘይት አምጥተው የበራቸውን ደፍ ቀቡ። የሱፍ አየተል ኩርሲ ቀራ። ዙልፋ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት አድርጋ፣ በመጥረጊያና በአፈር ማፈሻ እየገፋች፣ ሁለቱንም ትልቁ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣለች። ሁለት ሃይማኖት ተባብሮ አንድ አትክልት ያሸነፈበት ቀን ነው!

የሱፍ የበሩን ካሜራ ማየት ትዝ ያለው ቅዳሜ ከእንቅልፉ ሲነሳ ነው። እኔ ሻንጣዬን እየጎተትኩ የደረስኩትም ያኔ ነው። ሦስቱም ፓርኪንግ ላይ አንድ ስልክ ላይ ተደፍተዋል። ስልኩ ላይ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ የጎተራው ስም ያለበት ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ያንን ነገር እንደ ሕፃን ታቅፈው መጥተው፣ ቀስ ብለው አስቀምጠው፣ ወደ ኋላ ራቅ ብለው አይተውት፣ እንደገና ቀረብ ብለው አስተካክለውት ይሄዳሉ።

"ጋሼ ጀማነህ!" አሉ እትዬ ጽጌረዳ። "እኚህ ጨዋ ሰውዬ!"

ስማቸው ሲጠራ እሳቸው ከቤት ወጡ፤ የቆሻሻ ፌስታል ይዘዋል። እኛን በእጃቸው ሰላም ብለው ወደ ገንዳው ሄዱ፣ ክዳኑን አነሱ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ።

እጃቸውን ሰደው አንዱን አወጡት። በሸሚዛቸው እጅጌ ጠረጉት። ወደ እኛ ዞሩ።

"አልወደዳችሁትም?" አሉ።

"ጋሼ፣ ምን በድለንዎት ነው?" አሉ እትዬ ጽጌረዳ። "ስሜን በምን አስገቡት?"

"በምስማር። ገና ጣት ሲያህል ስሙን ትጭርበታለሽ፤ ሲያድግ ስሙም አብሮ ያድጋል።"

"ምኑ ነው የሚያድገው?"

"ዝኩኒው ነዋ።"

የሱፍ "ዝኩኒ?! ገበያ ያለው፣ ይቺን የምታህለው ዝኩኒ?" ብሎ ጣቱን አሳየ።

"በጊዜ ካልቀጠፍከው ይሄን ያህላል" አሉና ነገሩን አስረዱ። ኦልደርቪል ውስጥ ኦገስት ላይ ዝኩኒ የሌለው ቤት የለም። የተረፈውን ሰው በጎረቤቱ በር ላይ ጥሎ ይሮጣል፤ የራሱን ስም አይናገርም፣ ተቀባዩ አጠያይቆ መጥቶ ያመሰግናል። መኪና ክፍት ካገኙ ደግሞ መኪናው ውስጥ ነው የሚከምሩት። ዓመቱን ሙሉ የማይቆልፍ ሕዝብ ኦገስት ላይ የሚቆልፈው ሌባ ፈርቶ ሳይሆን ዝኩኒ ፈርቶ ነው!

የሱፍ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠ፤ ሳቅ ገደለው። ዙልፋ ጓንቷን አስታውሳ ፊቷን ሸፈነች። እትዬ ጽጌረዳ "መተት መስሎን እኮ ነው ጋሼ፣ ይቅር ይበሉን" አሉ።

"መተት..." አሉ ጋሼ ጀማነህ። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር አለፈ። "እፀገነትም መተት ነው ብላ ነበር።"

የመጀመሪያው ኦገስታቸው ላይ ነው። ማዶ ያሉት አሮጊት፣ ሚስስ ኮልማን፣ የሁለቱ ስም ያለበት ዝኩኒ ደጃቸው ላይ አስቀመጡ። እትዬ እፀገነት "ሻንጣ ሳንፈታ ተደገመብን!" ብለው ጨው ነስንሰው በቆሎው ውስጥ ወረወሩት። ማታ አሮጊቷ "እንዴት ነበር? ጣፈጣችሁ?" ሊሉ መጡ። እትዬ እፀገነት እንግሊዝኛ የለ፣ ምን ይበሉ? ሆዳቸውን እያሻሹ "ጉድ፣ ቬሪ ጉድ" አሉ።

"በነጋታው አራት አመጣችልን" አሉ ጋሼ ጀማነህ።

እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። መጀመሪያ ያቆሙት ግን እሳቸው ናቸው።

"በየኦገስቱ በዚህ እንስቅ ነበር፣ በየዓመቱ። ዘንድሮ እንዴት ረሳሁት?" አሉ፣ ዝኩኒውን በእጃቸው እያገላበጡ። "ትዝ ቢለኝ እናንተን አላስደነግጥም ነበር። የምታስታውሰኝ እሷ ነበረች።"

እትዬ ጽጌረዳ ቆሻሻ የነካውን ዝኩኒ ካልወሰድኩ ብለው ታገሉ፤ እሳቸው እምቢ ብለው ከጓሮ ሌላ ሰጧቸው። "እንመጣለን ጋሼ! በሚቀጥለው ሳምንት ሁላችንም እንመጣለን!" ተባለ። ከልባችን ነበር።

አልሄድንም። በሚቀጥለው ሳምንት የሱፍ ኦቨርታይም አገኘ። ከዚያ የእትዬ ጽጌረዳ በሽተኛ ሆስፒታል ገባች። ከዚያ የዙልፋ ልጆች ጉንፋን ያዛቸው። ሴፕቴምበር እንዲህ አለቀ። ጋሼ ጀማነህ ማታ ማታ የፊት ለፊት መብራታቸውን አብርተው መስኮቱ ጋ ይቀመጣሉ፤ ሁላችንም ስናልፍ ጣታቸውን ብድግ ያደርጋሉ፣ እኛም ብድግ እናደርጋለን፣ ቤታችን ገብተን እንተኛለን።

መኪናቸውን ደግሞ አልቆልፍ አሉ! አንድ ሌሊት ገብተው ዣንጥላቸውንና የእጅ ባትሪያቸውን ወሰዱባቸው።

"ጋሼ፣ ይቆልፉ እንጂ! ይሄ ኮለምበስ ነው!" አላቸው የሱፍ።

"ከቆለፍኩት ሰው በምን ይገባል?" አሉት። የሱፍ "ሌባ ነዋ የሚገባው" ብሎ እየሳቀ አለፈ። እኔ ግን ገባኝ፤ መሐላዬም አሰረኝ።

ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ውርጭ ተተነበየ። የዚያን ዕለት ጋሼ ጀማነህ የዝኩኒውን ሐረግ ነቅለው ጓሮውን ባዶ አደረጉት። በነጋታው ለሥራ ስወጣ ሣሩ ነጭ ሆኗል፣ የመኪናው ሁሉ መስታወት ነጭ። እሳቸው ካፖርታቸውን ለብሰው በሁለት እጃቸው ሁለት ሻንጣ ይዘዋል።

"ወረደ" አሉኝ። "ለናርዲ ደውዬላታለሁ። 'ዳድ፣ አር ዩ ሹር?' አለችኝ፣ 'ሹር' አልኳት።"

ሻንጣዎቹን ተቀብዬ እስከ መኪናቸው አብሬ ሄድኩ። የሹፌሩን በር ከፈቱና እንዳጎነበሱ ቀሩ።

ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበር ላይ፣ በቀበቶ ታስሮ፣ ትልቅ ዱባ ተቀምጧል! ብርቱካናማ፣ ድብልብል፣ ሰው ይመስል ፊት ለፊቱን የሚያይ። ሆዱ ላይ በወጥ ቤት ቢላ፣ ጠመም ጠመም ብሎ፣ "ጋሼ" ተብሎ ተፈልፍሏል። ከላይ እስከ ታች ደግሞ ያብረቀርቃል፤ ነክተው ጣታቸውን ሲያዩት ዘይት ነው። ተጸልዮበታል!

እኔ እትዬ ጽጌረዳን በዓይኔ ፈለግሁ፤ መኪናቸው የለም፣ ሥራ ገብተዋል።

ጋሼ ጀማነህ መዳፋቸውን ዱባው ላይ አሳርፈው ቆዩ። ከዚያ በዱባው በኩል ያለውን፣ ማንም ሳይነካው ውርጭ የጋገረበትን በር አዩ።

"ከውርጩ በፊት ነው የገባው" አሉ። "ማታ ነው።"

"በር አላንኳኩም ግን" አልኩ፣ ሞኝ አይደለሁ?

"ሳያንኳኳ መኪና ውስጥ ጥሎ የሚሄድማ ጎረቤት ነው። ይበልጣል።" ሻንጣዎቹን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ወደ ቤት መለሷቸው። ተመልሰው ሲወጡ አንድ የቤት ቁልፍ ብቻ ይዘዋል።

"ታዲያ አሁን የት ነው?"

"ኦልደርቪል። ቤቱን ለገዙት ልጆች ቁልፉን ላስረክብ።"

"ዱባውን ቤት ላስገባልዎት?"

"ተይው። ያ ወንበር ከእፀገነት ወዲህ ሰው ተቀምጦበት አያውቅም። ብቻዬን ሄጄ ቤት አልዘጋም።"

ሄዱ። ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ቀዩ መብራት ሲይዛቸው ሁለት ራስ ይታየኝ ነበር።

የተመለሱት አመሻሹ ላይ ነው። እኔም እትዬ ጽጌረዳም ገና ከመኪናችን መውረዳችን ነበር። ዱባውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ወረዱ።

"ምነው ጋሼ፣ ዱባ ገዙ?" አሉ እትዬ ጽጌረዳ። ፊታቸውን ብታዩት! ንጹሕ መልአክ!

"ሰው ጥሎብኝ ነው።"

"ማን ይሆን?"

"እንጃ። አጠያይቄ አመሰግናለሁ።"

እትዬ ጽጌረዳ ሳቃቸውን ውጠው ገቡ። እኔ ቀረሁ።

"እንዴት ነበር ጋሼ?"

"ቁልፉን ሰጠኋቸው። እኩለ ቀን ላይ እፀገነት መቃብር ጋ ቆሜ ሳለ ሳይረኑ ጮኸ። የዘንድሮውን የዝኩኒ ታሪክ ነገርኳት።" ዱባውን ወደ ሌላ ክንዳቸው አዛወሩት። "ስወጣ አንድ የማላውቀው የትራክ ሹፌር ጣቱን አነሳልኝ። ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ።"

በራቸው ላይ ደርሰው ቆሙ። ወደ መኪናቸው ዞሩና ከኪሳቸው ቁልፉን አውጥተው ተጫኑት። መብራቷ ሁለቴ ብልጭ አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ያቺ መኪና ስትቆለፍ አይቼ አላውቅም።

"ኦገስት አለፈ እኮ ጋሼ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ። "እዚህ ግን ሁልጊዜ ነው የሚቆለፈው።"