ትኩሳቱ የለቀቀ ዕለት

ለቅሶ ቤት ስገባ ከማልቀሴ በፊት የሐዘንተኛውን ግንባር እነካለሁ። በተለይ ከአገር ቤት ቀብር የተመለሰ ሰው ካለ አልለቀውም። ትኩሳት አለህ ወይ፣ ከዓይንህ ጀርባ ያምሃል ወይ፣ ድድህ ደምቷል ወይ እላለሁ። «እሷ ደግሞ ለቅሶ መጣች ወይስ ልትመረምር?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ይበሉ።

አባታችን ድሬዳዋ ሲሞት ሄዶ መቅበር የቻለው ታላቅ ወንድሜ ብቻ ነበር። እኔ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፋርመርስ ብራንች የሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ አዲስ ተቀጣሪ ስለነበርኩ ፈቃድ አልነበረኝም። ሲመለስ ከዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብዬው ወደ ቤቱ ወደ ሮውሌት ስነዳ፣ ስለ አባታችን ማውራት ከበደውና ስለ ትንኝ ያወራልኝ ጀመር። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ለለቅሶው ምግብ ብለው በርሜሉን ሁሉ ሞልተው፣ ክዳን የለው ምን የለው፣ ከድንኳኑ ጎን ደርድረውት ነበር።

«በጠራራ ፀሐይ ነው እኮ የሚነክሰው» አለኝ። «ማታ ማታ ግን አጎበር ውስጥ ነው የተኛሁት። ሶ ወባ አያገኘኝም።»

ድሬ ላደግን ለእኛ ትንኝ ማለት ወባ፣ ወባ ማለት ደግሞ የሌሊት ነገር ነበር። እኔም ጎበዝ አልኩት።

እዚህም ቤቱ ለቅሶ ተቀመጥን። ሚስቱ ከቤተ ክርስቲያን ታጣፊ ወንበሮች አስመጥታ ሳሎኑንና ጋራዡን ሞላችው። ለቅሶው መሐል ላይ ወንድሜን በድንገት አተኮሰው። ራሱን፣ ወገቡን፣ መገጣጠሚያውን ሁሉ ያመው ጀመር፤ ከወንበር የሚነሳው ጉልበቱን ይዞ ነበር። የአባታችን ወዳጅ የነበሩ አንድ አዛውንት እጁን ያዙት።

«አይዞህ ልጄ፣ ሐዘን ነው» አሉት። «ሐዘን እኮ አጥንት ይሰብራል።»

ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ሐዘን ነው ከተባለ ማን ይከራከራል? ሴቶቹ ቦርሳቸውን ከፈቱ። አንዷ አስፕሪን ሰጠችው፣ ሌላዋ አይቡፕሮፊን። እያመሰገነ ሁሉንም ዋጠ። ደረቱ ላይ ሽፍታ ሲወጣም የጥቁሩ ሸሚዝ ጨርቅ ነው ተባለ። ነገሩ ስላላማረኝ ጎትቼ ክሊኒክ ወሰድኩትና ወባ መርምሩልኝ አልኩ። ወባ የለበትም። «ወባ ካልሆነ ኦኬ ነው» ተባብለን ወጣን።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ትኩሳቱ ለቀቀው። ግንባሩ ቀዝቅዞ ተነሳ። አዛውንቱ «ተመስገን፣ ወጣለት» አሉ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ደስ የሚል ወሬ ስለተገኘ ሁላችንም አጥብቀን ያዝነው። እሱም ተሽሎኛል ብሎ ጋራዥ ወረደ። ለቅሶው እያበቃ ስለነበር ትርፍ ወንበሮቹን እያጣጠፈ፣ እንዲመለሱ ግድግዳው ሥር ደረደራቸው።

ከሰዓት በኋላ ሆዱን አመመው። ያስመልሰዋል፣ መልሶ ያስመልሰዋል። እንግዳ እንዳይደነግጥ ብሎ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፍቶ ነበር የሚያስመልሰው። ድዱ መድማቱን ለሚስቱም አልነገራትም፤ የጥርስ ብሩሹን ያየነው በኋላ ነው። እጁን ስይዘው ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር።

«ደክሞኝ ነው፣ ማለቴ፣ ሰው ሲሄድ እተኛለሁ» አለኝ።

ከለቅሶ ቤት ደግሞ ሰው አይጠፋም። አልጠበቅኩም፤ ሚስቱን ጠርቼ መኪና ውስጥ አስገባነው።

ሆስፒታል ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችን የት ሄዶ እንደነበር ነው። ድሬዳዋ ስላት ፊቷ ተለወጠ። ደንጊ የሚባል፣ በቀን የምትነክስ ትንኝ የምታስተላልፈው በሽታ ሳይሆን አይቀርም አለች። ትኩሳቱ መቼ ለቀቀው አለችኝ። ዛሬ ጠዋት፣ ተሽሎት ነበር አልኳት። ቀስ ብላ፣ አደጋው የሚጀምረው ትኩሳቱ ሲለቅ ነው፣ ያኔ ነው ከደም ሥሮቹ ፈሳሽ የሚወጣው አለችኝ። የዋጣቸው ክኒኖችም መድማቱን ያብሱበታል፤ ለትኩሳቱ መውሰድ የነበረበት ፓራሲታሞል ብቻ ነበር። ግሉኮስ ሰቀሉለት፣ ደም ሰጡት። አልተመለሰልንም።

ከካውንቲው ጤና ቢሮ አንዲት ሴት ቤቱ ድረስ መጣች። የታመመውን ሰው የነከሰች የሰፈር ትንኝ ለሌላ ልታስተላልፍ ትችላለች ብላ ጓሮውን ዞረች፤ ከአበባ ማሰሮዎቹ ሥር ያሉትን ሳህኖች አንድ በአንድ ገለበጠች። አንዱ ውስጥ የትንኝ እጭ ይርመሰመስ ነበር። ዛሬ የሳህኖቹን ውሃ የምደፋው እኔ ነኝ። በየሳምንቱ እየሄድኩ እደፋለሁ፣ ሁልጊዜም ተናድጄ ነው የምደፋው።

እሱ ያረፈ ዕለት ግን ከሆስፒታል ስንመለስ ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር፤ ወሬው ቀድሞናል። መቀመጫ አልበቃ ሲል ጋራዥ ወረድኩ። ወንበሮቹ ግድግዳው ሥር፣ እሱ እንደደረደራቸው ነበሩ። እሱ ያጣጠፋቸውን አንድ በአንድ መልሼ ዘረጋኋቸው።