ዓሣውን ማቅላት

አባቴ ፒያሳ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ቤታችንም ከሱቃቸው ጀርባ ነበር። ጦርነቱ አልፎ ጣሊያኖቹ አንድ በአንድ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ሙሉ ልብስ የሚያሰፋ አንድ ደንበኛቸው በክብ የመስተዋት ገንዳ ውስጥ የሚዋኝ ቀይ ዓሣ ትቶላቸው ሄደ። ስለ አመጋገቡም አደራ አለ፦ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል፣ በጣት ተፈርፍሮ፣ ቁንጥር ብቻ። ቀለሙን የሚጠብቅለት እሱ ነው አለ።

አባቴ ገንዳውን ከስፌት መኪናቸው አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር አኖሩት። ያን ጊዜ ዐይናቸው መድከም ጀምሮ ነበር። ክር በመርፌ የማስገባላቸው እኔ ነበርኩ። አንዴ ጥቁር ኮት በሰማያዊ ክር ሰፍተው ባለቤቱ ሲጮህባቸው ሰምቻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ሱቅ እንደገቡ መጀመሪያ ዓሣውን ያያሉ። «ቀይ ነው» ይላሉ ለራሳቸው፤ ከዚያ ሥራቸውን ይጀምራሉ። ያን ቃል እስኪናገሩ ድረስ ልቤ ተንጠልጥሎ ይቆይ ነበር። ዐይናቸው ቢጠፋ ምን እንበላለን? ከምግቡም ይልቅ፣ አባቴን ሥራ ፈትተው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ማሰብ ያስፈራኝ ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ። እናቴ ድስቶቹን ሁሉ ፈትጋ አጠበችና «በሁዳዴ እንቁላል እዚህ ቤት አይቀቀልም» አለች።

«ለዓሣው እኮ ነው» አልኳት።

«ምነው፣ እሱ ከእኛ በምን ይበልጣል? ይጹም!»

ዓሣው ጾመ። የዳቦ ፍርፋሪ ብቻ እየበላ ሳምንታት አለፉ፤ ጀርባው መጀመሪያ ብርቱካን መሰለ፣ ቀጥሎ ገርጥቶ ወደ ቢጫ ሄደ። አንድ ጠዋት አባቴ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ።

«ነጣብኝ» አሉ፣ ድምፃቸው ተለውጦ።

ሮጬ ሄጄ አየሁት። እውነትም ነጥቷል! ደስታዬ ልክ አልነበረውም። «ዓሣው ነው አባባ! ለእኔም ነጥቶ ነው የሚታየኝ!»

ፊታቸው ፈካ። «እንግዲያስ ምግብ አጥቶ ነው። ሸጋ ነገር ፈልጊለት» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ እረፍት የሚባል አላውቅም። ጎመን ደቁሼ ሰጠሁት፤ ዞር ብሎም አላየው። ቀይ ሥር ሞከርኩ፤ ውሃው ደም መስሎ እናቴ አማተበች። ከከተማችን ወጣ ብሎ አዘዞ ድረስ ሄጄ ካሮት አመጣሁ፤ ቀቅዬ አድቅቄ ብሰጠው ጎረሰ። ቀጥሎም የበርበሬ ዛላ ፍሬውን አራግፌ፣ ልጣጩን ዘፍዝፌ ወቅጬ ከካሮቱ ጋር ለወስኩለት። ጎረቤታችን በሳቅ ሞተች። «ዓሣ ሲጠበስ በርበሬ ሲነሰንሱበት አውቃለሁ፤ በቁሙ ማጣፈጥ ግን ካንቺ አየሁ!»

ትሳቅ። እኔ ጉርሻ በአፌ ይዤ እየተነሳሁ ገንዳውን አያለሁ። ልተኛ ጋደም ብዬ እነሳለሁ። «ኧረ እረፊ፣ በዐይንሽ ልትጨርሺው ነው!» ትለኛለች እናቴ። አባቴ በየጠዋቱ «ገና ነው» ይላሉ፤ እኔም አይቼ «ገና ነው» እላለሁ። በዚህ አንድ መሆናችን ያጽናናኝ ነበር።

ፋሲካ ሳይደርስ መቅላት ጀመረ። መጀመሪያ ክንፉ ሥር፣ ከዚያ ጎኑ፣ በመጨረሻ መላ አካሉ እንደ በሰለ ቲማቲም ሆነ። እናቴ «ወይ ጉድ!» ብላ ሽሮዋን ምድጃ ላይ ትታ መጣች። ጎረቤታችንም አይታ ሳቋን አቆመች። አባቴ ሱቅ እስኪገቡ ድረስ መጠበቅ አቃተኝና እጃቸውን ይዤ ወደ መስኮቱ ጎተትኳቸው።

ጎንበስ አሉ። ፀሐይዋ በደንብ ገብታለች፤ ዓሣው ከአፍንጫቸው ሥር ይዞራል።

«ገና ነው» አሉ።

ቀና ብዬ ዐይናቸውን አየሁ። ዓሣውን አልተከተለም። እንደነጣ ቢቆይ ኖሮ ጥፋቱ የዓሣው ነበር፤ ያችን መጠጊያቸውን በካሮትና በበርበሬ አፈረስኩባቸው። ተናደድኩ፤ በዓሣው፣ በቅላቱ፣ አላርፍ ባለው እግሬ ተናደድኩ። እናቴ ልትናገር አፏን ስትከፍት እጇን ጨመቅሁት።

«አዎ አባባ፣ ገና ነው» አልኳቸው።

«አይዞሽ፣ ይቀላል። ዱባ ደግሞ ሞክሪለት» አሉኝ፤ ወንበራቸውንም በእጃቸው ዳብሰው ተቀመጡ።

ዱባ ፍለጋ ወጣሁ።